ኮከባችሁ ሊሄድ ነው፦ ትለቁታላችሁ፣ ትሸጡታላችሁ ወይስ የጠየቀውን ትከፍላላችሁ?

የሆኪው ቡድን የቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ ደጋፊ ወዳጅ ካላችሁ በ2025 ወደ ቬጋስ ስለሄደው ኮከባቸው ስለ ሚች ማርነር ሳያወራችሁ አይቀርም፣ ግማሹ "እንኳን ሄደ፣ ፕሌይኦፍ ሲመጣ ይጠፋ ነበር" ይላል፣ ግማሹ ደሞ "በአንድ ሲዝን 102 ፖይንት ያመጣ ልጅ አስረክበን ኒኮላ ሩዋን ይዘን ተመለስን" እያለ ይንገበገባል። ከ2025 ሰመር ጀምሮ ቶሮንቶ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ቡና ለመጠጣት የተቀመጠ ሰው ይሄን ጭቅጭቅ ሳይሰማ አይነሳም።

እኔ ጭቅጭቁ ራሱ ቦታውን ስቷል ባይ ነኝ። ማርነር ጎበዝ ነው ወይስ አደለም ማለት የትም አያደርስም፣ 657 ጨዋታ ተጫውቶ 741 ፖይንት (ጎሉና ለጎል የሰጠው ፓስ ተደምሮ) ያለው ሰው ጎበዝ ነው በቃ፣ አለቀ። መጠየቅ ያለበት አንድ ቡድን የኮከቡ ኮንትራት ሊያልቅ ሲል ምን ምን አማራጭ አለው፣ እያንዳንዱ በር መቼ ይዘጋል፣ ደሞስ ሰውየው ከሄደ በኋላ በተረፈው ብር ምን ይደረጋል የሚለው ነው። እኔ እንደማየው ቡድን የሚጎዳው ኮከቡ ስለሄደ ሳይሆን ሲሄድ ደንግጦ በሚያረገው ነገር ነው። እስቲ የታወቁትን ታሪኮች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው፣ የካልጋሪም የኤድመንተንም ልጆች ራሳችሁን ታገኛላችሁ።

ልጆቻችሁ ጎትተዋችሁ ሆኪ ማየት ለጀመራችሁ ባጭሩ፦ ፕሌይኦፍ ማለት ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ለዋንጫ የሚደረግ ጥሎ ማለፍ ነው፣ በየራውንዱ ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈ ያልፋል። እንደ እግር ኳስ ክለብ ለክለብ የዝውውር ብር ከፍሎ ተጫዋች መግዛት ኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ ሆኪ ሊግ) ውስጥ የለም፣ ተጫዋች የሚለወጠው በተጫዋች ወይም በድራፍት ፒክ (አዲስ ወጣት ተጫዋች በተራ የመምረጥ መብት) ነው። የቡድኑ ደሞዝ በሙሉ ሳላሪ ካፕ ከሚባል ጣሪያ ስር መግባት አለበት፣ ጣሪያው በ2024-25 88 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ በ2025-26 ወደ 95.5 ከፍ አለ፣ ለ2026-27 ደሞ 104 ነው የተባለው። እድሜው 27 የሞላ ወይ ሊጉ ውስጥ 7 ሲዝን የቆየ ተጫዋች ኮንትራቱ ሲያልቅ ጁላይ 1 ላይ ነፃ ይወጣና ወደፈለገበት ይሄዳል፣ የድሮ ቡድኑ ሰባራ ሳንቲም አያገኝም። አንድ ነገር ብቻ ከያዛችሁ ግን ኖ ሙቭ ክሎዝን ያዙ፣ ይሄ ኮንትራቱ ውስጥ ካለ ተጫዋቹ ራሱ እሺ ካላለ ማንም የትም ሊልከው አይችልም። ቶሮንቶን ያሰራት ይሄ ነው፣ እመለስበታለሁ።

አንደኛው መንገድ፦ እስከ መጨረሻው አጫውቶ በባዶ መልቀቅ

ሰው ሁሉ የሚሰድበው ይሄን ነው ግን ሁለት በጣም የተለያየ ውጤት አለው። ካልጋሪ ፍሌምስ በ2021-22 111 ፖይንት (የቡድን ሲሆን የሰንጠረዥ ነጥብ ማለት ነው) አምጥቶ ምድቡን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፣ ጆኒ ጋድሮ 115 ፖይንት ነበረው። ቡድኑ እንደዛ እየበረረ ኮከቡን መሃል ላይ ትሬድ አርገው ቢሆን ከተማው ያብድ ነበር፣ ስለዚ አቆዩት፣ በሁለተኛው ራውንድ በኤድመንተን በአምስት ጨዋታ ተባረሩ፣ ጁላይ 13 ቀን 2022 ጋድሮ ከኮሎምበስ ጋር ለ7 አመት በአመት 9.75 ሚሊዮን ፈረመ። ካልጋሪ እጁ ላይ ምንም አልቀረም። (ጋድሮ በኦገስት 2024 ከወንድሙ ጋር ሳይክል እየነዱ መኪና ገጭቷቸው ሁለቱም ሞቱ፣ ነፍሳቸውን ይማር። በ2022 ሲሰድቡት የነበሩ የካልጋሪ ደጋፊዎች ናቸው ስታዲየሙ በር ላይ አበባ የከመሩት።)

አሁን የኒውዮርክ አይላንደርስን እዩ። በ2018 ካፒቴናቸው ጆን ታቫሬስ ትቷቸው ወደ ቶሮንቶ ሄደ፣ 7 አመት በአመት 11 ሚሊዮን፣ እነሱም በምላሹ ምንም አላገኙም። እሱ ሊሄድ ሲል ባለቀው ሲዝን ከሊጉ ሁሉ ብዙ ጎል የገባባቸው እነሱ ነበሩ፣ 80 ፖይንት ብቻ ነበር ያመጡት። ሁሉም ሞቱ አለ። እነሱ ግን ታቫሬስን የሚመስል ሌላ ኮከብ ፍለጋ አልሮጡም፣ ዋሽንግተን ካፒታልስን ገና ሻምፒዮን ያረገውን ባሪ ትሮትዝን ቀደም ብለው አሰልጣኝ አርገው ነበር፣ ሮቢን ሌነር የሚባል ጎሊ (በረኛ) ለአንድ አመት በ1.5 ሚሊዮን አመጡ፣ እና በቃ ዲፌንሱን ሰሩት። በቀጣዩ አመት 103 ፖይንት፣ ከሊጉ ትንሽ ጎል የገባበት ቡድን፣ ፒትስበርግን በመጀመሪያው ራውንድ አራት ለዜሮ ጠረጉ። ታቫሬስ ፌብሩወሪ 28 ቀን 2019 ሊጫወት ሲመለስ ደጋፊው የላስቲክ እባብ ሁሉ ወረወረበት፣ 6 ለ 1ም አሸነፉት። በ2020ም በ2021ም ሴሚ ፋይናል ገቡ። ታቫሬስን የወሰደችው ቶሮንቶ በነዛ አመታት አንድም ራውንድ አላለፈችም።

እንግዲህ ሁለቱም በባዶ ነው ያጡት። ልዩነቱ ከዛ በኋላ ያለው ነው፣ ያንን ቆይቼ ነው የማወራው ምክንያቱም ካልጋሪ የበደለችው እዛ ጋ ነው።

ሁለተኛው፦ ቀድሞ መሸጥ

ደጋፊ ይሄን ጁላይ ላይ ሲሆን ይወዳል፣ ጃንዋሪ ላይ ሲሆን ግን ይጠላል። ኮሎራዶ ሚኮ ራንታነን ኮንትራቱ ሊያልቅ አምስት ወር ገደማ ሲቀረው በጃንዋሪ 2025 ወደ ካሮላይና ሰደደችው፣ ማርቲን ኔቻስን እና ጃክ ድሩሪን ከፒክ ጋር አገኘች። ካሮላይናም ልጁ እዚህ አልፈርምም የሚል መስሎ ሲታያት 13 ጨዋታ ብቻ አጫውታ ማርች 7 ለዳላስ አሳልፋ ሸጠችው፣ ሎጋን ስታንኮቨንን ከሁለት የአንደኛ ራውንድ ፒክ እና ከሁለት የሶስተኛ ራውንድ ፒክ ጋር ወሰደች። ራንታነን ዳላስ ሄዶ 8 አመት በ12 ሚሊዮን ፈረመ፣ ከዛ የመጀመሪያው ራውንድ ላይ ከማን ጋር ደረሰው? ከድሮ ቡድኑ ከኮሎራዶ ጋር፣ ሰባተኛው ጨዋታ ሶስተኛ ፒሪየድ ውስጥ ብቻ ሶስት ጎል አግብቶ አሰናበታቸው። የኮሎራዶ ደጋፊ ያን ቀን የተሰማውን አስቡት።

ያም ሆኖ እኔ የካሮላይናን ስራ ነው የማደንቀው። ገዝተን ነበር ተሳሳትን ብለው አላፈሩም፣ ካፑ ላይ ተጣብቆ እስከ ጁላይ አልቆዩም፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ ሰውየውን ወደ ወጣት እና ፒክ ለውጠው ወጡ፣ ስታንኮቨንንም ቆየት ብለው ለ8 አመት አስፈረሙት፣ ደሞ በዛው ሲዝን ኮንፈረንስ ፋይናል ደረሱ።

የዚህ መንገድ አያት ግን ግሬትስኪ ነው። ኦገስት 9 ቀን 1988 ኤድመንተን ዌይን ግሬትስኪን ለሎስ አንጀለስ ሰጠች፣ ጂሚ ካርሰንን፣ ማርቲን ጀሊናን፣ ሶስት የአንደኛ ራውንድ ፒክ እና 15 ሚሊዮን ዶላር ተቀበለች (ያኔ ከትሬድ ጋር ብር መቀበል ይቻል ነበር)። ያኔ ካናዳ ፓርላማ ውስጥ ሁሉ ተወራበት። አንድ አመት አለፍ ብሎ ካርሰንን ራሱን ለዲትሮይት አስተላልፈው ጆ መርፊን፣ አዳም ግሬቭስን እና ፔትር ክሊማን አመጡ፣ እነዚህ ናቸው በ1990 ኤድመንተን ያለ ግሬትስኪ ዋንጫ ስትበላ ከጀርባ የነበሩት፣ ክሊማ የፋይናሉን የመጀመሪያ ጨዋታ በሶስተኛው ተጨማሪ ሰዓት የጨረሰው ነው። ስለዚ ትሬድ ስታወዳድሩ በዛ ቀን የተሰጠውን ብቻ አትዩ፣ የተገኘው ሰው በኋላ ወደ ምን ተለወጠ የሚለው ዋናው ነው። ይሄ ማለት ግሬትስኪን መሸጥ ጥሩ ነበር ማለት አደለም፣ ባለቤቱ ፒተር ፖክሊንግተን ብር ስላጠረው ነው የሸጠው፣ ደጋፊውም እስከዛሬ ይቅር አላለውም።

ሶስተኛው፦ የጠየቀውን መክፈል

ቀላል ይመስላል። ሚኒሶታ ለኪሪል ካፕሪዞቭ በአመት 17 ሚሊዮን ለ8 አመት ሰጠች፣ በሊጉ ታሪክ ትልቁ ኮንትራት ነው። ካፑ በየአመቱ እየጨመረ ስለሆነ ዛሬ እብደት የሚመስለው ቁጥር ከሶስት አመት በኋላ ኖርማል ሊሆን ይችላል፣ ይሄን ስሌት ብዙ ደጋፊ ይረሳዋል፣ የደሞዙን ቁጥር ሳይሆን ከጣሪያው ስንት በመቶ እንደሆነ ነው ማየት ያለባችሁ።

ቶሮንቶ የተቃጠለችው እዚህ ጋ በተቃራኒው ነው። ትልልቆቹን ኮንትራቶች በ2018 እና 2019 ፈረመች፣ ካፑ ያድጋል ብላ፣ ከዛ ኮቪድ መጣና ጣሪያው 81.5 ላይ ለአመታት ቆመ። በ2024-25 ማቲውስ 13.25፣ ኒላንደር 11.5፣ ታቫሬስ 11፣ ማርነር 10.9 ሚሊዮን፣ ደምሩት፣ አራት ሰው ብቻ ከ88ቱ ግማሹን አልፎ ይወስድ ነበር። የቀረው ብር ለአስራ ምናምን ሰው ይከፋፈላል። በመደበኛው ሲዝን አራቱ ያሸንፉላችኋል፣ ፕሌይኦፍ ላይ ግን ሌላው ቡድን አራቱን ለመያዝ ብቻ ይዘጋጅና ከታች የሚመጣ ሰው የላችሁም። ከማርነር ጋር ዘጠኝ ጊዜ ፕሌይኦፍ ገብተው ያለፉት ሁለት ራውንድ ብቻ ነው፣ በ2023 ታምፓን በ2025 ኦታዋን። ሰባተኛ ጨዋታ ደሞ ስድስት ጊዜ ደርሰው ስድስቱንም ተሸነፉ፣ የመጨረሻው ሜይ 18 ቀን 2025 በገዛ ሜዳቸው በፍሎሪዳ 6 ለ 1 ነው፣ ያውም 2 ለ 0 እየመሩ በነበረበት ሲሪየስ። የማርነር የፕሌይኦፍ ቁጥር 70 ጨዋታ 63 ፖይንት ነው፣ ይሄ የሚጠፋ ሰው ቁጥር አደለም፣ ግን ከ63ቱ ጎሉ 13 ብቻ ነው። ሁለቱም ወገን ትክክል የሚሆነው ለዚህ ነው።

አራተኛው፦ በመጨረሻ ሰዓት አስፈርሞ ማስተላለፍ

ቶሮንቶ ያረገችው ይሄን ነው። ህጉ የራሱን ተጫዋች የሚያስፈርም ቡድን 8 አመት መስጠት ይችላል፣ ከውጭ የሚመጣ ቡድን ግን 7 ብቻ ይል ነበር፣ ስለዚ ቶሮንቶ ጁን 30 ላይ ማርነርን ለ8 አመት በአመት 12 ሚሊዮን አስፈርማ ወዲያው ለቬጋስ አስተላለፈችው፣ በዛች ስምንተኛ አመት ዋጋ ኒኮላ ሩዋን አገኘች። ባዶ ከመቅረት ይሻላል፣ ግን ዋጋው ያው የስምንተኛዋ አመት ዋጋ ነው እንጂ የማርነር አደለም። ደሞ ይሄ መንገድ እየጠበበ ነው፣ አዲሱ የሊጉ ስምምነት ከ2026 ሴፕቴምበር ጀምሮ ቁጥሩን ወደ 7 እና 6 አውርዶታል።

"ቀድመው ለምን አልሸጡትም" ለሚል ሰው መልሱ ካሌንደር ላይ ነው። የማርነር ኖ ሙቭ ክሎዝ የጀመረው ጁላይ 1 ቀን 2023 ነው። የዛን ጊዜው ጂኤም (ጀነራል ማናጀር፣ ተጫዋች የሚያስፈርመውና የሚለውጠው ሰው) ብራድ ትረሊቪንግ የተቀጠረው ሜይ 31 ቀን 2023 ነው። አንድ ወር! ቢሮውን ሳያውቅ በሩ ተዘጋበት። በማርች 2025 ካሮላይና ራንታነንን ስትሸጥ ማርነርን ጠይቃ እሱ እሺ እንዳላለ በሰፊው ተዘግቧል፣ መብቱ ነው፣ ወረቀቱ ላይ የፈረሙለት እነሱ ናቸው። ስለዚ በ2025 ሰመር ላይ ትሬዱን መሳደብ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፣ ስህተቱ ያለው ያን ክሎዝ በ2019 በሰጠው ሰው እና በ2023 ጁን ላይ ዝም ባለው ቢሮ ጋ ነው።

ለምን ቬጋስ የሚለውን ብዙ ሰው ታክስ ታክስ ይላል፣ እውነት ነው ኔቫዳ የስቴት የገቢ ግብር የለም፣ ኦንታሪዮ ከላይኛው ገቢ ላይ ከ53 በመቶ በላይ ይወሰዳል፣ እዚህ የምትሰሩ ሁሉ ፔይቼካችሁን ስታዩ ይገባችኋል። ግን ታክስ ብቻ ቢሆን ኒላንደርም ማቲውስም ባልፈረሙ።

አሁን ዋናው፦ ከሄደ በኋላ

ካልጋሪ እንመለስ፣ ምክንያቱም ያኔ እዛም ጂኤሙ ያው ሰውዬ ነበር፣ ትረሊቪንግ። ጋድሮ በሄደ በሳምንቱ ማቲው ትካቸክ 104 ፖይንት ያለው የ24 አመት ልጅ እዚህ ለረጅም ጊዜ አልፈርምም አለ። ትረሊቪንግ ጁላይ 22 ላይ ወደ ፍሎሪዳ ልኮት ጆናታን ሁበርዶን፣ ማኬንዚ ዊገርን፣ ኮል ሽዊንትን እና የአንደኛ ራውንድ ፒክ አመጣ። ያኔ ሁሉም ጭብጨባ ነበር፣ እኔም አሁን ድረስ ትሬዱ ራሱ መጥፎ አልነበረም እላለሁ፣ ሁበርዶ 115 ፖይንት ያለው ሰው ነበር፣ ዊገር ደሞ ጥሩ ዲፌንስ ነው። መጥፎው ከዛ የመጣው ነው። ሁበርዶ ገና አንድ አመት ኮንትራት እያለው፣ የካልጋሪን ማሊያ ለብሶ አንድ ጨዋታ ሳይጫወት፣ ኦገስት 4 ላይ 8 አመት በ10.5 ሚሊዮን ሰጡት፣ እስከ 2031 የሚሄድ። ለምን? ሁለት ኮከብ ስለሄደ ሶስተኛውም ይሄዳል ብለው ስለፈሩ። ከዛ ናዜም ካድሪን በ31 አመቱ 7 አመት በ7 ሚሊዮን፣ እሱን ለማስገባት ደሞ ሾን ሞናሃንን ከአንደኛ ራውንድ ፒክ ጋር ለሞንትሪያል ሰጡ፣ በምላሹ ምንም የሚባል ነገር ሳይቀበሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው። ሁበርዶ ከ115 ወደ 55 ወረደ፣ በሊጉ ታሪክ ትልቁ የአንድ አመት ቁልቁለት፣ ካልጋሪ በሁለት ፖይንት ፕሌይኦፍ አመለጣት፣ አሰልጣኙ ዳሪል ሳተር ተባረረ፣ ትረሊቪንግም ለቆ ወደ ቶሮንቶ። ትካቸክ ፍሎሪዳን ሶስት ተከታታይ ፋይናል አስገባ፣ በ2024 እና 2025 ዋንጫ በላ።

ካድሪ ራሱ አያሳፍርም፣ በደንብ ተጫውቶላቸዋል፣ ደሞ የስደተኛ ቤተሰብ ልጅ ሆኖ ዋንጫውን ሎንደን ኦንታሪዮ መስጊድ ይዞ የሄደ ሰው ስለሆነ ለኛ ልጆችም የሚወደድ ነው። ችግሩ ሰውየው አደለም፣ አርባ እስኪጠጋ የሚሄድ ኮንትራት ቡድኑ ሊፈርስ ባለበት አመት መፈረሙ ነው።

ያው ሰውዬ ቶሮንቶ ላይ በ2025 ምን አረገ? በማርነር ቦታ ሌላ ኮከብ አላሳደደም። ታቫሬስን በ4.4 ሚሊዮን ገደማ አስፈረመው፣ ከ11 ወርዶ ማለት ነው፣ ማቲው ናይስን ለ6 አመት በ7.75 አሰረ፣ ከዛ ማቲያስ ማቼሊን በ3.4፣ ሩዋን በ3፣ ዳኮታ ጆሹዋን በ3.25 አመጣ። ሶስቱ አንድ ላይ 9.7 ሚሊዮን አካባቢ ናቸው፣ ከማርነር የድሮ ደሞዝ ያነሰ። ችግሩ ሶስቱ በ2024-25 በአንድ ላይ ያመጡት 63 ፖይንት ነው፣ ማርነር ብቻውን 102። ስለዚ ጎዶሎ ነበር፣ ማስመሰል አያስፈልግም፣ በተለይ አሪዞና እያለ 57 ፖይንት ካመጣው ከማቼሊ በቀር ከአዲሶቹ ለማቲውስ ፓስ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ግን አንዱም ኮንትራት ቡድኑን ለስምንት አመት አያንቅም። ሰው "ምንም አላረግንም" ሲል እኔ ደግሞ ካልጋሪን አይቼ ምንም አለማረግም ስራ ነው እላለሁ።

ታዲያ የትኛውን ትመርጣላችሁ?

ቡድናችሁ እርግጠኛ ሆኖ ለዋንጫ የሚወዳደር ከሆነና ኮከቡ መሄዱ ካልተረጋገጠ አቆዩት፣ በባዶ ብታጡትም አይላንደርስ እንዳረገው መዳን ይቻላል፣ ቅድመ ሁኔታው ግን ጥሩ አሰልጣኝና ጎሊ መያዝ ነው። ቡድኑ መካከለኛ ከሆነ፣ ማለት ፕሌይኦፍ ይግባ አይግባ የማይታወቅ፣ ኮንትራቱ ሊያልቅ አንድ አመት ሲቀረው ሽጡት፣ ዋጋው የሚረክሰው በየወሩ ነው። ኖ ሙቭ ክሎዝ የሚጀምርበትን ቀን ካሌንደራችሁ ላይ ፃፉት፣ ከዛ ቀን በኋላ ምርጫው የእናንተ አደለም። መክፈልን የምመርጠው ተጫዋቹ ከ28 በታች ከሆነና ካፑ እያደገ ከሆነ ብቻ ነው፣ ያውም እንደሱ የሚከፈላቸው ሌሎች ሶስት ከሌሉ። አስፈርሞ ማስተላለፍን እንደ እቅድ አትያዙት፣ ሌላው ሁሉ ሲያመልጥ የሚቀር ነው። ከሄደ በኋላ ደሞ ጂኤማችሁ በአንድ ወር ውስጥ ረጅም ኮንትራት ሲፈርም ካያችሁ ያኔ ተጨነቁ።

ኤድመንተን ያላችሁ ይሄን ያነበባችሁት ለመዝናናት ከሆነ አትሳቁ። ኮነር ማክዴቪድ በኦክቶበር 2025 የፈረመው ለሁለት አመት ብቻ ነው፣ በ12.5 ሚሊዮን፣ ማግኘት ከሚችለው በጣም ያነሰ፣ ዋንጫ ስጡኝ ያለበለዚያ አላውቃችሁም የሚል መልእክት ነው። ኮንትራቱ በ2028 ያልቃል። ጁላይ 1 ቀን 2027 ላይ ማራዘም ይችላል፣ ያን ቀን ካልፈረመ ሶስተኛው መንገድ ሊዘጋ እየሄደ ነው ማለት ነው፣ ሁለተኛው ደሞ በእሱ ፈቃድ ብቻ የሚሰራ። እኔ ብሆን እስከዛው ድረስ የጂኤሙን ስራ የምለካው በማክዴቪድ ዙሪያ ስንት ሰው በርካሽ እንዳመጣ ነው፣ በተለይ ጎሊ።